የሳላዎቹ ቆርቆሮ

አቃቂ ባቡር ጣቢያ
ኅዳር 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ውድ ሮሪሳ፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም፤ እህትህ ዲንቄ ባለፈው እሑድ ሳሪስ አቦ አግኝታኝ ሁሉንም ነግራኛለች። ድሬዳዋ ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶ እያነሳህ ነው አሉ። የዱር አራዊት ጥበቃ ሰዎች ከጥጥ እርሻው የተረፈውን የአዋሽ ሜዳ በፊልም እንድትቀርጽላቸው ቢጠይቁህም «የእኔ እጅ አይረባም፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብለህ መለስካቸው አሉ። ይህን ሰምቼ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ስለዚህ ልናገር። አምስት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ እየደረሰ ሲመለስ የኖረ ነገር ነው።

ይኸውልህ፣ እዚህ ዕቃ ክፍል ከገባሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ የብረት በር። የአገሩ ዕቃ ሁሉ በእጄ አልፎ ጅቡቲ ይወርዳል፤ እኔ ከሞጆ አልፌ አላውቅም። የባቡር ሠራተኛ ሆኜ! አንተ የአቃቂ ገበሬ ልጅ ካሜራህን ተሸክመህ በረሃ ለበረሃ ስትዞር፣ እኔ የባቡረኛው ልጅ እዚህ ቁጭ ብዬ ጆንያ እመዝናለሁ። በግልጽ ልንገርህ፣ እቀናብህ ነበር።

ሹማምንቱ ከአዋሽ በታች ያለውን ሜዳ «ባዶ መሬት ነው» ብለው ለጥጥ እርሻ ሊሰጡት ሲነሱ፣ ባዶ አለመሆኑን በፊልም ላሳያቸው ብለህ ወረድክ። ለገሃር ያሉት ፈታሾች ያገኙትን ሁሉ ስለሚከፍቱ ገና ያልታጠበውን ፊልም የያዙትን ቆርቆሮዎች በእኔ ስም አቃቂ ልታወርዳቸው ተስማማን። «ገብሬ፣ ብርሃን እንዳይነካቸው። አደራ» አልከኝ።

ሰባት ሆነው መጡ። አንዱ ላይ በእርሳስ «ሳላ፣ ውኃ ላይ» ብለህ ጽፈሃል። እነዚያን ቀንዳቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለ እንስሳት ለመቅረጽ አሥራ ዘጠኝ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ተኝተህ መጠበቅህን አብሮ በመጣው ወረቀት ነግረኸኛል። «ገና ሁለት ሳምንት እዚህ ነኝ፤ ና እንጂ፣ በዓይንህ እያቸው» ብለህም ነበር።

ያን ዕለት ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ አቶ በቀለ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «አንተ ከሄድክ ሚዛኑን ማን ይይዛል?» አሉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ! ደሜ ፈላ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ከውስጥ ዘጋሁና ያንን ቆርቆሮ አነሳሁ። እሽጉን ልጬ፣ ፊልሙን ልክ እንደ ፎቶ ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት።

ምንም የለም፣ ሮሪሳ። ግራጫ ጥብጣብ ነው። አንድ ክንድ መዘዝኩ፣ ምንም። ከታች ይኖራል ብዬ እስከ መጨረሻው ተረተርኩት። ብርሃን ያልከኝ ፀሐይ ላይ እንዳላሰጣው መስሎኝ... ኧረ ውሸት! ይኸው አሁንም ልዋሽህ ነው። በደንብ ገብቶኛል። ለአፍታ ብርሃን ቢያየው ምን ይሆናል ብዬ ነው። ከዚያ መልሼ ጠቀለልኩና እንዳልተነካ አድርጌ አሸግኩት።

የቀረውን ታውቀዋለህ። ስድስቱ ቆርቆሮ ድንጋይ፣ አቧራና ሰማይ ነበር። ሰባተኛው ሲታጠብ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ሌላ ለመቅረጽ ደግሞ የስብሰባው ቀን ደርሶ ነበር። ሹማምንቱም «ይኸው ራስህ አሳየኸን፣ ባዶ ነው» አሉህ። ከስብሰባው በቀጥታ እኔ ጋ መጥተህ ሚዛኑ ላይ ቁጭ አልክና «እጄ ነው ገብሬ፣ ፊልሙን ስከት አበላሽቼዋለሁ» አልከኝ። እኔስ ምን አልኩ? «የበረሃው ሙቀት ይሆናል፣ አይዞህ።» ትከሻህንም መታ መታ አደረግሁ። ከፊልሙ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አሁን ያ ሜዳ በየሳምንቱ እኔ ጋ ይመጣል። ፉርጎው ተከፍቶ ለፋብሪካው የሚወርደውን ጥጥ የምመዝነው እኔ ነኝ። ብናኙ ፀጉሬ ውስጥ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ቤት ስገባ አስካለች ከትከሻዬ ላይ እየለቀመች «ዛሬም በረዶ ዘነበብህ?» ብላ ትስቃለች። ሚስቴ ናት፤ ለእሷም አልነገርኳትም። ጠዋት ተነስቼ እዚያው ሚዛን ላይ እመለሳለሁ።

ይህን ደብዳቤ አላሸግሁትም። ለተክሌ፣ ለትኬት ቆራጩ፣ ክፍቱን ነው የምሰጠው። ታውቀዋለህ፣ ሞጆ ሳይደርስ አንብቦ ይጨርሰዋል፤ አዋሽ ሲደርስ ሐዲዱ ሁሉ ይሰማል። አቶ በቀለም ይሰማሉ። የሰው ዕቃ የከፈተ ሠራተኛ እንደሚባረር ክፍሌ በር ላይ ተለጥፏል፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንብቤዋለሁ። ይስሙ፤ አሁን እንኳ ልውጣ።

ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። አንድ ነገር ግን እወቅልኝ፤ እጅህ ደህና ነበር። ሳላዎቹ ውኃው ላይ መጥተው ነበር፣ አንተም ይዘሃቸው ነበር። እባክህ ሰዎቹን እሺ በላቸው።

አዲሶቹን ቆርቆሮዎች ግን ራስህ ይዘሃቸው ተመለስ። አቃቂ አታውርዳቸው።

አደራህን የበላው ጓደኛህ፣
ገብረጻድቅ