የዊዳድ አባት በር ላይ ይቆማል

ውድ ሙንዚር፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ስለተባልኩ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረው እኔ፣ የሚጽፈው ኒዳል ነው። አዎ፣ ራሱ ኒዳል፤ ስሙን መጥራት የምትጸየፈው፣ ሚስቴ፣ እህትህ፣ ከሞተች በኋላ ቤቴ የገባው፣ የምወደው ሰው።

ዊዳድ ስትወለድ የሳይዳ ወደብ ሁሉ ራጂ ማለቱን ትቶ አቡ ዊዳድ አለኝ፤ የዊዳድ አባት። ወጉ ነው፤ አባት የሆነ በልጁ ይጠራል። አንተ የነጠቅከኝ ይህንኑ ነው። ስለ ኒዳል ስትሰማ ልጄን ወስደህ፣ በየቡና ቤቱ «ይሄ ሰውዬ የማንም አባት አይደለም» አልክ። ሰዉም ሰማህ። በማግስቱ «አንተ ራጂ!» ተባልኩ። ይህ ሳያንስህ ገበያ መሐል እጇን ይዘህ፣ እኔን እንደ ባዳ እያሳየህ «ለአጎትሽ ሰላም በይ» ስትላት እኔ ዓሣዬን ማገላበጤን ቀጠልኩ። ፍርሃት መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ቀን እየጠበቅኩ ነበር።

ቀኑ መጣ። ዊዳድ ልታገባ ነው፤ አንተም ሼሁ ፊት ቀርበህ «አባቷ ሞቷል፣ እኔ እድራታለሁ» አልክ። የእናት ወንድም እንደማይድር የማያውቅ ሳይዳ ውስጥ አንተ ብቻ ነህ! ሼሁ ያለህን ከተማው እስካሁን እየሳቀበት ነው፦

«ማን ነው የሞተው? ራጂ?»

«አዎ፣ አላህ ይማረው።»

«ዛሬ ጠዋት ዓሣ ሸጦልኛል እኮ! ሬሳ እንደዚያ ሲከራከር አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ ሰው ላክህብኝ። ኒካሑ ሲታሰር የአባትነት ቃሌን ልስጥና በጓሮ በር ልውጣልህ? ኒዳልም እንዳይመጣ?

እዚህ ላይ ኒዳል ብዕሩን አቁሞ «ትንሽ ላለዝበው?» አለኝ። «አንዲት ቃል ብትነካ እራትህን ድመቷ ትበላዋለች» አልኩት።

ዊዳድ ራሷ መጣች። ጀልባዬ አጠገብ ቆማ፣ ወደቡ ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ አንተ ከሌለህ አላገባም» አለችኝ። ሙንዚር፣ በአንተ ጥፋት ልጄን አልቀጣም። ቃሌን ሰጥቻታለሁ። አንተን ግን እቀጣሃለሁ።

ሐሙስ በሰርጉ አዳራሽ በር ላይ እንግዳ የሚቀበለው የሙሽራዋ አባት ነው። በቀኜ ኒዳል ይቆማል። በግራዬ አቡ ከረም፣ ወንድ በመውደዱ ልጆቹን የከለከሉት ፀጉር አስተካካይ። ቀጥሎ አቡ ሊን፣ ሴት ነሽ እየተባለ ያደገ፣ ልጁን በገዛ ማህፀኑ የወለደ ወንድ። የአንዳችን ልጅ ሲታመም አብረን እያደርን፣ ልጁን ማየት የፈራውን እስከ ትምህርት ቤት በር እያጀብን ነው የኖርነው። አቡ እገሌ፣ አቡ እገሌ እየተባባልን፤ ሌላ የሚለን አልነበረማ! ሐሙስ ከተማው ሁሉ ያየናል።

ሌላ በር የለም፤ የወጥ ቤቱን አስቆልፌዋለሁ። የሚገባ ሁሉ እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ አለህ፣ አቡ ዊዳድ» ይላል። አንተም ትላለህ። በጥርስህ መሐል ካልከው ጆሮዬ ደክሟልና አስደግምሃለሁ፤ ከኋላህ ሰልፉ ቆሞ፣ ሚስትህ በክርኗ እየጎሸመችህ። አልልም ካልክ ደግሞ መንገድ ላይ ቆመህ ከበሮውን አዳምጥ።

ኒዳል «ጆሮህ እኮ ደህና ነው» ይለኛል።

ሐሙስ ይደክማል።

አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ፤
የልጄ አባት