ቀለሙን ታነብልኝ ለነበረችው ለአልጌ

የኔዋ አልጌ፣

ከተለያየን ዛሬ ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ቀኑን ቆጥሬ የምጽፍልሽ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጋዜጣ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ስምና የሰው ቀን ሳርም ኖሬ፣ ያንቺን ቀን ብስት አያምርብኝም።

ቤታችን እንዳለ ነው። በክረምቱ ጎርፍ የጓሮው አጥር ወድቆ ነበር፤ ጎረቤታችን አያ ይመር መልሰው አቁመውልኛል። ማሽላው ዘንድሮ ቆቦ ላይ ደህና ነው፤ ከሮቢት ወዲያ ግን ተምች አግኝቶታል ይላሉ። ጊደርሽ ወልዳለች። ጥጃዋ ቀይ ናት ብለውኛል። እኔ አይቼ የማረጋግጥልሽ ግንባሯ ላይ ነጭ እንዳለባት ብቻ ነው።

ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቀይና አረንጓዴ ለእኔ አንድ ናቸው፤ ቡናማው ሲጨመርማ ጭራሽ ይምታታብኛል። ጋዜጣ ቤት አለቃዬ አንድ ቀን «ዛሬ ደግሞ በአረንጓዴ ማረም ጀመርክ?» ካለኝ ወዲህ፣ ቀዩ እስክሪብቶ ላይ ክር አስሬ ነበር የምለየው። አንቺም መጀመሪያ ያወቅሽብኝ ቲማቲም ግዛ ብለሽ ልከሽኝ ጥሬውን ሁሉ ለቃቅሜ የመጣሁ ጊዜ ነው። «ጋዜጠኛው ለከብት ገዝቶ መጣ!» ብለሽ ጎረቤቱን አሳቅሽብኝ። ምክንያቱን ግን ለአንድ ሰው አልተነፈስሽም። ከአንቺና ከልጃችን ከሞገስ በቀር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለዚያ ስለ ሞገስ የጊታር ሳጥን ነው። ልጁ ለከተማው የኪነት ቡድን ጊታር በሚመታበት ጊዜ፣ ወንድምሽ ከአውሮፓ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ያመጣለትን የላስቲክ ከረጢት አስታውሺው። ውስጡ ባዶ የብረት ሳጥን፣ መዳፍ የምታክል የተበሳሳች ሰሌዳ፣ እንደ ስንዴ ፍሬ የደቀቁ ዕቃዎችና በእንግሊዝኛ የተጻፈ መምሪያ ነበረበት። ተገጣጥሞ ሲያልቅ በጊታሩና በድምፅ ማጉያው መካከል መሬት ላይ ይቀመጣል፤ በእግር ሲረግጡት የጊታሩን ጥሩ ድምፅ ሻካራ ያደርገዋል። «ደህና የሚዘፍነውን ለምን ታጎረንኑታላችሁ?» ብለሽ ተቆጣሽ። ሞገስ በጉሮሮው አስመስሎ ሲያሰማሽ ግን አዳመጥሽና «ገባኝ፤ ሦስት ቀን ያለቀሰች አስለቃሽ ናታ» አልሽው። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የሳጥኑ ስም አስለቃሿ ሆነ።

ሳይጨርሰው ብሔራዊ ውትድርና ደረሰው። ሲሄድ ለማሳቅ ብሎ «የአባዬ እጅ ይበይዳል፣ የእማዬ ዓይን ያነባል፤ ስመለስ አልቆ ላግኘው» አለን። ቀልድ ነበር። እኛ ግን የምንይዘው ሌላ ነገር ስላልነበረን እንደ ቃል ኪዳን ያዝነው።

ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ በር ላይ ስትደርስ በርጩማ አውጥተን እንቀመጥ ነበር። እኔ መበየጃውን ከሰል ላይ አግላለሁ፣ አንቺ ፍሬዎቹን ጭንሽ ላይ ትበትኛለሽ። ሬዚስተር የሚሉት፣ ኤሌክትሪኩን የሚገታው ፍሬ መጠኑ በቁጥር አልተጻፈበትም፤ የሚታወቀው ወገቡ ላይ በተሠመሩት የቀለም ቀለበቶች ነው። አንቺ ደግሞ ቀለም የተማርሽው ከአባትሽ የከብት በረት ነው። ጥቁሩን ጉራቻ፣ አመድማውን ዳለቻ፣ ቡናማውን ዳማ እያልሽ ስትጠሪልኝ እኔ ከመምሪያው ጋር አመሳክራለሁ። አረንጓዴው ሲመጣ «እንዲህ ያለ ላም የለም፤ ሣር በለው» አልሽኝ። ሐምራዊው ላይ ደግሞ ፍሬውን ወደ ዓይንሽ አስጠግተሽ «ይህንስ የወለደች እንጃ» ብለሽ ሳቅሽ። ሞገስም ይህን ሰምቶ ከግንባር በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «እማዬ ከብቶቹን ቆጥራ ጨረሰች ወይ?» ይል ጀመር።

ሁለት ፍሬ ሲቀረን ወባው ጣለሽ። ወልድያ ሆስፒታል ላድርስሽ ብዬ ተሳፈርን፤ መንገዱ ለወታደር መኪኖች ተዘግቶ ሮቢት ላይ ግማሽ ቀን ቆምን። ሾፌሩን ለመንኩ፣ ዘቡን ለመንኩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ሁሉም «ምን እናድርግ አባት?» አሉኝ። እኔም ለራሴ የምለው ከዚያ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። መንገዱ ሳይከፈት ዐረፍሽ።

የቀብርሽ ዕለት ማታ አያ ይመርና ሽማግሌዎቹ ሰበሰቡኝ። «ጠመንጃ በያዘ ልጅ ላይ መርዶ በደብዳቤ አይላክም» አሉ። ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ ከመኪና መውረጃው ተቀብለው፣ ሌላ ቤት አሳድረው፣ ጎህ ሲቀድ በወጉ ሊያረዱት ቆረጡ። እኔም እሺ አልኩ። የሰውን ስሕተት ሲያርም የኖረው እጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ «እናትህ ደህና ናት» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ስድስት ደብዳቤ ጻፍኩ። በሁሉም ውስጥ ደህና ነሽ።

ልጁ ግን ስለ ከብቶቹ መጠየቁን አልተወም። የቀሩትን ሁለት ፍሬዎች አውጥቼ ፀሐይ ላይ አየኋቸው፤ ጥላ ውስጥም አየኋቸው። በመምሪያው መሠረት አንዱ ዳማ፣ ጉራቻ፣ ቀይ ነው፤ ሌላው ዳማ፣ ጉራቻ፣ ሣር። መጠናቸው በሺህ እጥፍ ይለያያል። ለእኔ ግን መንታ ናቸው። የአያ ይመርን ባለቤት ልጠራና ላሳያቸው አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ «የሚስቱ መቃብር አፈር ሳይደርቅ የጊታር ዕቃ ይነካካል» የሚለው የሰው ወሬ በጆሮዬ አስተጋባ። ሬዲዮ ጠጋኙም ሱቁን ዘግቶ ከከተማ ወጥቷል። በመጨረሻ ገምቼ በየድኳቸው። ለሞገስም «እናትህ ትናንት የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አነበበችልኝ፤ አለቀ» ብዬ ጻፍኩ።

አምስተኛው ወር ላይ ሞገስ ሳይጽፍ፣ ሳያስነግር፣ ከዋጃ በኩል በመጣ የጭነት መኪና ወረደ። የገበያ ቀን ስለነበር በሠፈሩ ሰው የለም። እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ዱቄቱን ተሸክሜ ስገባ ልጅሽ ጠረጴዛው ላይ ሰሌዳዋን ይዞ ተቀምጧል። አቀፈኝና ተመልሶ ተቀመጠ። ጥቁሩን ሸሚዜን እንኳ ልብ አላለውም።

«አባዬ» አለ ሰሌዳዋን ወደ ብርሃኑ አዙሮ፣ «ቀዩ በሣሩ ቦታ ገብቷል፤ እነዚህን ሁለቱን ያነበበችው እማዬ አይደለችም።»

ዱቄቱን አላወረድኩም።

«ገበያ የሄደች መስሎኝ ነበር» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «መቼ ነው?» አለኝ።

ወሩንና ቀኑን ነገርኩት። አያ ይመር ከገበያ መጥተው «አንተ ሰው፣ ልጁን ሳንቀበለው!» እያሉ በሩን ገፉና ፊቱን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። በወጉ ያልተረዳ ልጅ ሐዘኑ አይወጣለትም ይባላል። ልጅሽን ያረዳሁት እኔም አይደለሁም፣ ሽማግሌዎቹም አይደሉም። ያረዱት በግምት የበየድኳቸው ሁለት ፍሬዎች ናቸው።

ለእኛ አምስት ወር የሆነው ለእሱ የመጀመሪያ ቀኑ ነበርና ፍራሹ እንደገና ተዘረጋ። ፈቃዱ አምስት ቀን ነበር። የሚሄድበት ዕለት ጠዋት መበየጃውን አግሎ ሁለቱን ፍሬዎች ነቀለ፣ ቦታቸውን አቀያየረ፣ ሳጥኑን በአራት ብሎን ዘጋ። በሩን ዘግተን ቀስ ብለህ ሞክረው አልኩት። ልቅሶ ቤት ጊታር እንደማይነካ አላጣሁትም፤ ሳይሰማው እንዲሄድ ግን አንጀቴ አልቻለም። «ለማን ላሰማው?» አለኝ። ሳጥኑን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠውና ሄደ። አሁን የጨረስነው ነገር ይሥራ አይሥራ አላውቅም። እኔ ጊታር አልመታ። ለኪነት ቡድኑ ልጆች ልስጥ ብል ደግሞ እጄ እንቢ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤው መጣ። ጤንነቱን በአንድ መስመር ጽፎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተገነዝሽበት ነጠላ ጥለቱ ምን ቀለም ነበር? ሲያስብሽ እንዲታየው ፈልጎ ነው። በመጨረሻም «አባዬ፣ ከእንግዲህ እውነቱን ብቻ ጻፍልኝ» ይላል።

አልጌ፣ እዚያው ነበርኩ። ከሁሉም ሰው ይልቅ የቀረብኩሽ እኔ ነኝ፤ የነጠላውን ጫፍ በእጄ ይዤዋለሁ። ለእኔ የደረቀ አፈር ይመስል ነበር። የገነዙሽን ሁለት ሴቶች ጠየቅሁ። አንዷ «አረንጓዴ ነው፣ በእጄ አጥፌው!» አለች፤ ሌላዋ «ቀይ ነው፣ ዓይንሽን ታከሚ!» አለቻት። ግቢያችን ውስጥ ተጨቃጭቀው ተኳርፈው ሄዱ። የመልሱ ወረቀት እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ደግሜ እጠይቃቸዋለሁ። ከተስማሙ የተስማሙበትን፣ ካልተስማሙም ሁለቱንም ከነስማቸው እጽፍለታለሁ። ገምቼ ግን አልጽፍም። ሮቢት ላይ የቆምንበትን ሰዓት፣ ውኃ የሰጠችሽን ሴት፣ መቃብርሽ ከቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል እንደሆነ፣ በስድስቱ ደብዳቤዎች የደበቅሁትን ሁሉ አንድ በአንድ እጽፍለታለሁ። የነጠላሽን ቀለም ከሰው ጠይቄ ነው የምጽፈው፤ አንቺን ግን እስካለሁ ድረስ ከማንም ሳልጠይቅ አስታውስሻለሁ።

ባለቤትሽ