ዶክተር ዓለምነሽ ቤዛብሕ፣ ከነስህተታቸው

ዶክተር ዓለምነሽ ከአባታቸው ከአቶ ቤዛብሕ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺ ተክሌ ጥር 14 ቀን 1953 ዓ.ም በጉለሌ፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም በታች ባለው ቁልቁለት ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። እናታቸው በበዓል ሰሞን የጎረቤቱን ሁሉ ሽንፍላ ያጥቡ ነበር፤ ሽንፍላ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ቅጠል ያለው የጨጓራ ክፍል ነውና ትዕግሥት የሌለው ሰው አይነካውም።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በአንድ የትንሣኤ ማለዳ፣ ሳፋ ውስጥ የተቀመጠ ትኩስ የበግ አንጀት ሲንቀሳቀስ አዩ። በጉ ታርዶ፣ ቆዳው ተገፎ፣ ጭንቅላቱ ከደጃፉ ተቀምጧል። አንጀቱ ግን ሕልም እንደሚያይ ሰው ቀስ ብሎ ይገላበጣል። «እማዬ፣ ማን እያዘዘው ነው?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ የሺም «እኔ እንጃ ልጄ፤ ይልቅ ውሃውን አቀብይኝ» አሏቸው። ውሃውን አቀበሉ። ጥያቄው ግን ሃምሳ ሰባት ዓመት አብሯቸው ኖረ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው፣ ደብረ ዘይት በእንስሳት ሕክምና ተምረው በ1978 ዓ.ም ተመረቁ። በአንድ የመንግሥት ምርምር ጣቢያ ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ድረስ አገለገሉ። በ1981 ዓ.ም ከመምህር ዓምሃ ገብረሥላሴ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሳምሪን እና ኤልሮኢን ወልደዋል።

ሥራቸው በከብቶችና በሌሎች አጥቢ እንስሳት አንጀት ውስጥ ያሉትን የነርቭ ሴሎች ማጥናት ነበር። ባልደረቦቻቸው ከአንጀት በሚጠረገው ፈርስ እየቀለዱ «የፈርስ ዶክተር» ይሏቸው ነበር። ልብን የሚያጠና ሲከበር አንጀትን የሚያጠና መሳቂያ የሚሆነው ለምን እንደሆነ እነዚያ የተማሩ ሰዎች እስከ ዛሬ አላስረዱም። ምሳቸውን በልተው ወደ ስብሰባ ሲገቡ ያንን ምሳ ወደ ታች የሚገፋላቸው ማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም።

እሳቸው ጠይቀዋል። በአንጀት ግድግዳ፣ በሁለት የጡንቻ ንጣፎች መካከል፣ የነርቭ ሴሎች መረብ አለ። ስሱን ንጣፍ ገፈው፣ ቀለም ነክረው፣ በማይክሮስኮፕ ሴሎቹን አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። ሲመሽ ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ከተማዋን እንደማየት ነው ይሉ ነበር፤ እዚህ የአንድ መንደር መብራት፣ እዚያ የሌላው፣ በመካከላቸው ቀጭን መንገድ። ለብ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ አየር እየተነፋለት የተንጠለጠለ ቁራጭ አንጀት ከአንጎል ምንም ሳይሰማ ይኮማተራል፣ ይፈታል። የበቅሎም፣ የጥንቸልም፣ የውሻም እንዲሁ ነው። የላምና የበግ ትልቁ ጨጓራ ብቻ ከጭንቅላት የሚመጣውን ነርቭ ይጠብቃል፤ ያ ነርቭ ከተቆረጠ ከብቱ ማመስኳቱን ያቆማል። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ የፈሩ ይመስል።

በ1994 ዓ.ም ስማቸውን ያስጠራ ጽሑፍ አሳተሙ። በበጋ የታረዱ በጎች ከሌላው ጊዜ ያነሱ የነርቭ ሴሎች እንዳሏቸው አይተው፣ የበጋው ረሃብ የአንጀትን ነርቭ ይገድላል ብለው ደመደሙ። ጽሑፉ ተጠቀሰ፣ ተጨበጨበለት።

ስህተት ነበር።

የበጋውን አንጀት የሰበሰቡት በዐቢይ ጾም ነበር፤ በጾሙ ደግሞ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ይዘጋል። ስለዚህ በዚያ ወቅት አንጀት የሚያመጡት ከዊንጌት አጠገብ ካለው ከአቶ ቡሽራ ሥጋ ቤት ነበር። ፌስታል ይዘው ሲወጡ ያየ ጎረቤት ጾም ገደፉ እያለ አምቷቸዋል። በመጋቢት 1997 ዓ.ም፣ የበግ ጭንቅላት እየገዛ የሚወስደው ደንበኛ የቀረ ዕለት፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የበግ አፍ ከፍተው አዩ። ጥርሱ አልቋል።

«አቶ ቡሽራ፣ ይሄ በግ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዶክተርዬ፣ በእናንተ ጾም ጠቦት ባርድ ማን ሊገዛኝ? ለሾርባ የምትሆን፣ መውለድ ያቆመች አሮጊት ናት እንጂ። በየዓመቱ እንዲሁ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠይቀውኝ ያውቃሉ እንዴ?»

የአቶ ቡሽራ ባለቤት ወይዘሮ ሀጂራ ፊታቸውን አይተው ወንበር አቀረቡላቸው። ዶክተር ዓለምነሽ ወቅቱን እንጂ የበጉን ዕድሜ መዝግበው አያውቁም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ጥርስ እያዩ እንደገና ቆጠሩ። ወጣቱ በግ በበጋም በክረምትም እኩል ሆኖ ተገኘ። በ1998 ዓ.ም በአንድ የሙያ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «የቆጠርኩት ረሃብን መስሎኝ ነበር፤ የቆጠርኩት እርጅናን ነው» ብለው ጽሑፋቸውን ሻሩ። በዚያው ዓመት የሚገባቸው እድገት ቀረ፤ ተሳስተው በዝምታ ያለፉ ሰዎች፣ ስህተታቸውን የተናገሩትን ሴት ቀጧቸው። ይህ አሁንም ያናድዳል፤ ሊያናድድም ይገባል።

በ2012 ዓ.ም የፓርኪንሰን ሕመም ተገኘባቸው። ከእጃቸው መንቀጥቀጥ በፊት የአንጀታቸውን ሥራ መዘግየት ልብ ብለው ነበር። ባለፈው መስከረም ታናሽ ወንድማቸውን ጋዜጠኛ አቢን አስጠርተው፣ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ያ ስህተት እንዳይቀር አደራ አሉ።

«እትዬ፣ በቀብሩ ላይ ስህተቱን የሚያስነብብ ማን አለ? ሬሳ ሁሉ ቅዱስ በሚሆንበት ከተማ!»

«አንተ የሰውን ስህተት በጋዜጣ ስትጽፍ አርጅተህ የእኔ አስፈራህ? የበጉን ታሪክ ካወጣኸው ሌላውንም አታንብበው።»

ወንድማቸው ሁለት ሳምንት ተከራከረ። ተሸነፈ።

ዶክተር ዓለምነሽ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም ከማለዳው አንድ ሰዓት ላይ፣ የእንጦጦ ጉም መስኮቱ ላይ እንደተኛ፣ በቤታቸው አረፉ። ልጃቸው ሳምሪ እስትንፋሳቸው መቆሙን አረጋግጣ፣ እናቷ እንዳስተማሯት ጆሮዋን ከሆዳቸው ላይ አደረገች። አንጀታቸው ገና ሲንቀሳቀስ ሰምታ «ዜናው ገና አልደረሰውም» አለች። ሰዓቷን አይታ የሰማችውን ጻፈች፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

ባለቤታቸውን መምህር ዓምሃን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውን ኢየሩን እና ወንድማቸውን አቢን ትተው አልፈዋል።

አደራው ተፈጽሟል፤ ስህተታቸው ከነሙሉ ስማቸው ተነቧል። «ማን እያዘዘው ነው?» ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ለጠየቀች ነፍስ፣ ያዘዘው ጌታ መልሱን በራሱ ቃል ይንገራት። አሜን።