ቤዙን የመታሁት እኔ ነኝ

መርካቶ፣ የካቲት 18 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት እናታችን፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመም በረድ አለልዎት? ጎረቤቱስ፣ ከብቱስ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ተራ ወርጄ ከሾፌሩ እጅ ተቀበልኩ። ወንድምዎ ጋሽ በሽር እርስዎ ያሉትን ቃል በቃል ጽፈውታል፤ ድምፅዎን የሰማሁ መሰለኝ። ካሴታችንን ሰምተው፣ «ይሄ የልጄ የእንድሪስ እጅ ነው፤ እንዲህ የሚመታ ሰው በሽተኛ አይደለም፣ ድኗል» ብለዋል። ደስ ብሎዎት አፍራን ሊያጩለት ለአባቷ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። እማዬ፣ በፈጠረዎት ይዤዎታለሁ፣ አይላኩ! የሰው ልጅ በከንቱ አትታጭ።

ካሴቱ ላይ ያንን ወፍራም ድምፅ፣ ቤዙን የመታሁት እኔ ነኝ። እሱም በቤዝ ጊታር አይደለም፤ በዚያችው ቀጭን ድምፅ ባላት በእኔ ጊታር ነው።

እንድሪስ በኅዳር ከተኛበት አልነሳ ሲል፣ ማታ ማታ የምንጫወትበት ክለብ ባለቤት ሌላ ሰው ይጫወትበታል ብሎ ቤዙን ወሰደው። ያኔ እርር ድብን ብዬ ነበር። ከካሴቱ ዘፈኖች ሳይቀዳ የቀረው ቤዙ ብቻ ነበር፤ ልጅዎ ደግሞ «በቦታዬ ሌላ ሰው እንዳታስገባ» ብሎ ድርቅ አለ። ምን ላድርግ? ሶማሌ ተራ ከሱቆቹ ጀርባ ባለችው ክፍላችን፣ አርብ በጁምዓ ሰዓት የጫኝ አውራጁ ጩኸት ጋብ ሲል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቀዳሁት። ከክሮቹ ሥር ስፖንጅ ወትፌ በአውራ ጣቴ መታሁ። መቅጃውን በእጥፍ ፍጥነት አስኬድኩት፤ እኔም እጥፍ ተጣደፍኩ። ኋላ ቴፑን በዝግታ ስናዞረው ያ ቀጭን ድምፅ ወርዶ፣ ወፍሮ፣ ቤዝ ሆነ።

«ኧረ ቸኮልክ! እኔ እንዲህ ነው የምመታው?» እያለ ይቆጣኝ ነበር። እርስዎም ያውቁታል፣ ልጅዎ ከምቱ ትንሽ ዘግየት ማለት ይወዳል። ያቺን ለማምጣት ሦስት አርብ ፈጀብን። በጣቱ የአልጋውን ብረት እየመታ ያሳየኛል፤ ጣቱ ሲደክም በዓይኑ። በሦስተኛው አርብ ሰማውና «አሁን እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ፣ «ስሜን ሽፋኑ ላይ አስጽፍ። እናቴ ትስማው፣ ደህና ነው ትበል። ሌላ ምንም እንዳትነግራት» ብሎ አስማለኝ። አፌን ቁርጥ ያድርገው! ማልኩ። እርስዎን የሚያህሉ እናት አታለልኩ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ለአረፋ ይመጣል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። እንዲህ ያለው ነገር በደብዳቤ አይመለስም፤ አይጠይቁኝ። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ገና ሲነጋ ከጓደኞቹ ጋር እኔው ራሴ እመጣለሁ። ገበያ አይውጡ። አርብ ማታ ጋሽ በሽር እርስዎ ዘንድ ይደሩ። ልብሱን አጥቤ አጣጥፌዋለሁ፤ ይዤው እመጣለሁ።

አላህ ጉልበትዎን ያበርታልዎት፤ ሰብሩንም፣ ጽናቱንም ይስጥዎት።

የልጅዎ ጓደኛ፤
ከፈቀዱልኝ ልጅዎ