ለጉዮ የደገስኩለት

ሰኞ

ወጣሁ አለ! አሁንም ወጣሁ! ፍሪዘሬን በቴሌግራም ጨረታ ቡድናችን አወጣሁት፤ ይሄ ጉዮ የሚባል ሰውዬ ዋጋውን ሰቅሎ ሰቅሎ፣ ሌላውን ተጫራች ሁሉ ዝም ካሰኘ በኋላ፣ መዝጊያው ላይ «ፖሌ ማማ፣ ወጥቻለሁ» ብሎ ጻፈ። በስዋሂሊ ይቅርታ ማለቱ ነው፤ ፖሌ ይበለው እቴ! ባለፈውም እንደዚሁ ነው ያደረገኝ። ከሱ ቀጥላ የነበረችውን ሴትዮ ብደውልላት ሌላ ገዝታለች።

ምግብ ቤቱን ከዘጋሁ ወዲህ ፍሪዘሩ ባዶውን ቆሟል። እኔ የምፈልገው አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ያለችውን ሱቅ ነው፤ የልብስ ስፌት ልከፍትባት። ባለቤቱ እስከ ቅዳሜ ማታ ይጠብቀኛል። ከቅድሚያ ክፍያው ግማሹ በእጄ አለ፣ ግማሹ ያው ፍሪዘሩ ነው።

ጉዮን እግዜር ይየው። ኧረ ለእግዜርም አልተወውም፣ እኔው ነኝ የማሳየው።

ማክሰኞ

ጠዋት የቡድኑ ኃላፊ በድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ማማ ሄለን፣ ዋጋ የምታስሰቅለው ራሷ ናት እያሉሽ ነው። ከተደገመ አስወጣሻለሁ።» እኔ? ሌባ እኔ ሆንኩ? ደሜ ፈላ። ቁርስም አልበላሁ።

ጎረቤቴን አብዲን ጠየቅኩት፤ ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር፣ ስለሚነዳ የማያውቀው ሰው የለም። «ጉዮ? የኦዳ መንደሩ የፍየል ነጋዴ ነዋ! ነገ ፍየል ገበያ ያወጣል» አለኝ።

እሰይ! ለካ እሱም የሚሸጠው ነገር አለው። ነገ እሄዳለሁ፣ ዋጋ እሰቅላለሁ፣ ገዢዎቹ ሲሸሹ «ፖሌ፣ ወጥቻለሁ» እለዋለሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ብቻዬን ሳቅኩ።

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ። ቤቴ ውስጥ ፍየል አለ።

ጉዮ ልጅ እግር ነው። ሽማግሌ ነበር የመሰለኝ። አንድ ትልቅ ቀይ ሙክት ይዞ ቆሟል፣ ገዢዎች ከበውታል። አሻሻጯ አዴ ዳኪ የሚባሉ የቦረና እናት ናቸው። እዚያ ዋጋ አይጮህም፤ ሻርፓቸው ስር እጅ ለእጅ ተያይዞ ጣት በመጨበጥ ነው የሚነገረው። የሻጩን አንድ እጃቸው ይዟል፣ የገዢውን ሌላው። እኔም እጄን ሰደድኩና ከሁሉም አብልጬ ጨበጥኩ። ሰዎቹ ትከሻቸውን ነቅንቀው ወደ ሌላ ፍየል ሄዱ። አዴ ዳኪ መዳፌን ጠፍ አደረጉት፣ የጉዮንም እንደዚሁ።

ያኔ ጮክ ብዬ «ፖሌ፣ ወጥቻለሁ!» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። «ከምን ነው የምትወጪው?» አሉ አዴ ዳኪ። «እጅሽ ተመታ እኮ። ሙክቱ ያንቺ ነው።»

ቀልዴን ነው ብል ማን ይሰማኛል። ሰው ከበበን። እኔም ባሰብኝና ለቀቅኩት፦ ይሄ ሰውዬ በስልክ ሁለቴ አዋርዶኛል፣ ስሜን አጥፍቷል፣ ሱቄን ሊያሳጣኝ ነው! ጉዮ አፉን ከፍቶ አየኝ። «ማማ፣ እሱ እኮ ወሬ ነው። ገበያውን ለማየት ዋጋ ጣልኩ። እጄን ማን መታው?» አለ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ «ልክ ነው» አለለት! ለሱ!

ከሱቁ ገንዘብ ላይ ቆርሼ ከፈልኩ። ሙክቱን እየጎተትኩ በዋናው መንገድ ስመጣ የማያውቀኝ ሁሉ «ስንት ገዛሽው?» ይለኛል።

ሐሙስ

ሙክቱ መጋረጃዬን በላ። ልጄ ሄለን፣ ማማ ሄለን የሚሉኝ በሷ ነው፣ ከናይሮቢ ደውላ ጩኸቱን ሰማችና ሳቋ አላቆም አለ። ዘጋሁባት።

ጉዮን ምን ላድርገው? ስልኩን ለአበዳሪዎች ሁሉ ልስጥ? ኦዳ ሄጄ ለሚስቱ ልንገር? የሚጋልበው ሞተር ጎማው ይተንፍስለት?

ፍሪዘሩን እንደገና አወጣሁት። አሁን ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ቤቴ መጥቶ ሰው ፊት እጁን ያስመታ። ቡድኑ በሳቅ ምልክት ተሞላ። ይሳቁ።

ዓርብ

ማንም አልመጣም። የሱቁ ባለቤት ነገ ማታ ካልከፈልኩ ለሌላ እንደሚሰጣት ነገረኝ። እኔ ጾመኛ፣ ሙክቱ ደጃፌ ላይ ቆሞ ያየኛል። አለቀስኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ጉዮንም ሙክቱንም ረገምኳቸው።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ጉዮ፣ ከኋላው አዴ ዳኪ፣ ውጭ ደግሞ የጭነት መኪና።

«ሚስቴ ኦዳ ወተት ትሸጣለች፣ ፍሪዘር ትፈልጋለች። ዛሬ የሚመታ እጅ ይዤ መጣሁ» አለ።

አልሸጥልህም ልለው ነበር። ማታ ማታ የማዘጋጀው ይሄንኑ ነበር፤ አልሸጥልህም፣ ሂድ፣ በሩን ዝጋ። ግን ሊመሽብኝ ነው። ነጠላዬን አዴ ዳኪ እጅ ላይ ጣልኩና ጨበጥኩ። ለክፋት ብዬ ጨረታው ላይ ካለው አስበልጬ ጨበጥኩ። እሱ ጨረታው ላይ ያለውን መለሰ። እንደገና አስበለጥኩ። አሁንም ያንኑ መለሰ። አዴ ዳኪ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ይበቃሻል» አሉኝ።

በሱ ዋጋ መዳፌን ዘረጋሁ። ጠፍ።

ፍሪዘሩን አስጭኖ ሲያበቃ ሙክቱን አየው። «በሰጠሽኝ ዋጋ መልሼ ልውሰደው?» አለኝ። የሰጠሁት እኮ ከዋጋው በላይ ነው፤ ያውቃል፣ አዴ ዳኪም ያውቃሉ። ይሄን ጊዜ ነው ኩራት የሚያስፈልገው። ሱቋ ግን ያለዚያ ገንዘብ አትሆንም። ገመዱን ሰጠሁት።

ቁልፉን ተቀብያለሁ። ሱቋ ጠባብ ናት፣ ብርሃን አላት፣ የእኔ ናት። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ያን ሁሉ እርግማን አዘጋጅቼ ሰውዬው መኪናው ላይ ሲወጣ ከአፌ የወጣው «ተባረክ» ነው። ሰማኝ ደግሞ።