የኡሙሰልማ አምባር

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት ፲፱፻፴

ወንድሜ ፈንታሁን፣ እንደምን ሰነበትህ?

የአንድ ጣሊያን ነጋዴ ስልክ ተበላሽቶ ልጠግነው በጥድፊያ ወደዚህ ወረድሁ። ከደሴው የስልክ መስመር የጎደለውን ሽቦ ያገኘሁት ኡሙሰልማ በምትባል ሙሽራ ክንድ ላይ ነው፤ ቤተሰቦቿ ወድቆ ቢያገኙት አምባር አሠርተውላታል። ነጋዴው ከኋላዬ ቆሞ «አስወልቃት!» አለኝ። የተቀጠቀጠ አምባር ለስልክ እንደማይሆን፣ ትርፍ ሽቦም እንደያዝሁ እያወቅሁ ፍርሃት አፌን ያዘኝ። እጇን በሳሙና አሽታ ራሷ አውልቃ ሰጠችኝ። እኛ ሰፈር ቢሆን በድንጋይ ያባርሩኝ ነበር፤ እናቷ ግን እርጎ አጠጥተው «አላህ መንገድህን ያቅናው ልጄ» አሉኝ። ስልኩ በትርፉ ሽቦ ሲሠራ ነጋዴው ከእጄ የወሰደውን አምባር «ላንተ ይሁን» ብሎ ወረወረልኝ። እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

የወረቀቱ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እህትህን አልጣሽንም ሰላም በልልኝ፤ አምባር አመጣልሻለሁ ያልኋትን ግን ከእንግዲህ እንዳትጠብቅ ንገራት።

ወዳጅህ ሥዩም