የዱሬቲ ንግግር

ሚያዝያ 3፣ ሰኞ

ሲዘንብ አረፈደ። የሰው ቀሚስ ስጠግን ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዱሬቲና ገረሱ መጡ። መርፌና ጨርቅ ይዘው፣ ስፌት የሚማሩ መስለው። ጣልያን ሲገባ ሁለቱም ሁለተኛ ደረጃ ገና መጀመራቸው ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ እነሱም ሜዳ ላይ ቀሩ። እኔም ያኔ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴን አምና በየካቲት ከቤት ሲወስዱት ጥፋቱ ፈረንሳይኛ ማወቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊ ነኝ... ቢያንስ ለጎረቤት።

ዛሬ ንግግር አለማመድኳቸው። ድሮ በዓመቱ መጨረሻ ወላጆች ፊት የሚናገሩትን ልጆች የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ራሴ ግን አንድ ቀን ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አውቃለሁ? አላውቅም።

ገረሱ ይጮኻል። የጮኸ ሁሉ የሚሰማ ይመስለዋል። ዱሬቲ ተነሳችና በክረምት ከአባቷ ጋር ወንዝ ሲሻገሩ ውሃ ሊወስዳት እንደነበር አወራች። መሀል ላይ ዝም አለች፣ አየችን፣ ቀጠለች። መርፌው ጣቴን ወግቶኝ ሳላውቀው ደማሁ። ምን ዓይነት ልጅ ናት! አሥራ ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላትም።

አባቷ ገሜዳ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጫካ ናቸው። ኮልፌ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ማንም አያነሳውም።

ሚያዝያ 5፣ ረቡዕ

ባላምባራስ መኳንንት መጡ። ጣልያን የሾማቸው የሰፈራችን ሹም። የጣልያኑን ካፒቴን አስተርጓሚ፣ ነገሬ የሚባለውን አስከትለው።

«ወይዘሮ አስካለማርያም፣ የሚያስተምሩት ስፌት ብቻ አይደለም አሉ።»

የምሰፋውን ጨርቅ አጣጠፍኩ፣ መልሼ ዘረጋሁት።

«አይፍሩ» አሉ። አይፍሩ ሲሉኝ ይበልጥ ፈራሁ።

ካፒቴኑ ያውቃል። አልተቆጣም። ይልቅ ይፈልገኛል። ግንቦት 1 የመንግሥታቸው በዓል ነው፣ ሕዝቡ ከራንዮ መንገድ ላይ ባለው ሜዳ ይሰበሰባል። ሹማምንት ከከተማ ይመጣሉ። ከሰፈሩ ልጆች አንዱ ንግግር ያድርግ ተብሏል።

«ሕዝቡ ጣልያን ሲናገር ሰለቸው» አሉ ባላምባራስ። «የገዛ ልጁ ስትናገር ግን ይሰማል።»

ነገሬ ወረቀት ሰጠኝ። አነበብኩት። በዱር ያላችሁ፣ ሚስቶቻችሁ ብቻቸውን ናቸው፣ እርሻችሁ ጦሙን አድሯል... መጨረሻው «ግቡ። ማንም አይነካችሁም» ይላል።

«ማን ይናገረው?»

«የገሜዳ ልጅ።»

ጨርሰው ነው የመጡት።

«እምቢ ብትልስ?»

ነገሬ መሬት መሬት ያያል። ባላምባራስ ተነሱ። «እምቢ አትልም። እናቷ እዚሁ ናት። እርስዎም እዚሁ ነዎት።»

ከሄዱ በኋላ በሩን ቆለፍኩ። ከዚያ መቆለፌ ሌላ ነገር እንዳይመስል ከፈትኩት። ከዚያ ደግሞ ቆለፍኩት።

ሚያዝያ 8፣ ቅዳሜ

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ዱሬቲ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ገረሱ ብድግ አለ።

«አጎቴስ? አጎቴ ምን ሆነ?»

አጎቱ ወልደሰንበት ባለፈው ኅዳር ምሕረት ተብሎ ገባ። ጠመንጃውን አስረከበ። በሳምንቱ ገበያው ዳር ሰቀሉት። የምሕረት ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ እንዳለ። ሁላችንም አይተነዋል... እንድናይ ተነድተን።

«እሷ ከተናገረች ይገባሉ» አለ ገረሱ። «አያውቋትም? ድንጋይ ታስነሳለች።»

አውቃታለሁ። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ደህና አድርጌ ካዘጋጀኋት ሰዎች ከጫካ ወጥተው ይሰቀላሉ። ካላዘጋጀኋት እሷና እናቷ... እኔም። ምን ይሻላል?

አንድ ነገር መጣልኝ። ትናገር። ግን ማንንም እንዳትነካ አድርጋ ትናገር።

ሚያዝያ 12፣ ረቡዕ

እንግዳ ትምህርት።

«ዓይንሽን ከወረቀቱ አታንሺ። ቶሎ ቶሎ በይ። የትም ቦታ እንዳትቆሚ። ሁሉንም በአንድ ድምፅ።»

«እትዬ፣ አታድርጊ ሲሉኝ የከረሙት እኮ ይህንኑ ነው!»

«አሁን አድርጊው።»

አነበበችው። የገበያ አዋጅ ነጋሪ እንኳ እንዲህ አይደርቅም። ተያየንና ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳቅኩት? ወዲያው ደነገጥኩ። ድምፃችን ውጪ ተሰምቶ ይሆን? መስኮቱ ሥር የሚሄድ ሰው ነበር... የጎረቤት ሰው ነው። መሰለኝ።

ሚያዝያ 14፣ ስቅለት

ስሰግድ ዋልኩ። ለዱሬቲና ለራሴ ብቻ ለመንኩ። ለሌላ ሰው የምለምንበት አቅም አጣሁ።

ሚያዝያ 18፣ ማክሰኞ

ፋሲካን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ዛሬ ካፒቴኑ ልምምዱን ልስማ አለ። ጽሕፈት ቤቱ ሄድን።

ዱሬቲ እንዳልኳት አነበበች። አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። ካፒቴኑ ግን እሷን አልነበረም የሚያየው፣ እኔን ነበር። ቀስ ብሎ ለነገሬ ተናገረ።

«ልጅቷ አትናገርም፣ ትቆጥራለች ይላሉ» አለ ነገሬ።

«ገና ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው...»

«ድሮ ያንቺ ተማሪዎች ሰው ያስለቅሱ ነበር አሉ። አሁን ምን ነካሽ ይላሉ።»

ከየት ሰማ? ማን ነገረው?

ይህን የምጽፈው ውጪ ሁለት ካራቢኜሪ፣ የጣልያን ፖሊሶች፣ ቆመው ነው። ልብስ ያዢ ብለውኛል።

ሚያዝያ 23፣ እሑድ

ወጣሁ።

ያሰሩኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። አልመቱኝም። ቀን ሙሉ ማንም አያናግረኝም፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ባለቤቴን ሲወስዱት የነበረው ማንኳኳት ይመስለኛል። ከዱላ ያ ይብሳል።

ያስወጣችኝ ዱሬቲ ናት። በማግሥቱ ብቻዋን ካፒቴኑ ዘንድ ሄዳ «ዳግመኛ ልናገር» ብላዋለች። ተናገረች። ነገሬ እንደነገረኝ ካፒቴኑ ቋንቋው ሳይገባው እንኳ ከወንበሩ ተነሳ።

«እትዬን ልቀቁልኝ፣ በበዓሉ ቀን እንዲህ እናገራለሁ» አለችው።

እኔ እንድድን... ሌሎቹ ሊገቡ ነው?

ሚያዝያ 26፣ ረቡዕ

ዱሬቲን ጠየቅኳት። «እንዴት አድርገሽ ተናገርሽው?»

«አባቴ ፊቴ የቆመ መስሎኝ።»

ከዚያ፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ «እትዬ... ምሕረቱ እውነት ቢሆንስ?»

«ወልደሰንበትን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ግን አንዳንዴ አላየሁም እላለሁ። አባቴ ናፈቀኝ።»

አባት የናፈቃትን ልጅ ምን ይሏታል? እንደዚህ በይ ወይም እንደዚያ በይ ማለት አልቻልኩም። እዚያ ሜዳ ላይ ቆማ የምትናገረው እሷ ናት። የሷ አባት ናቸው።

ገረሱ መምጣት ትቷል። መንገድ ላይ ሲያገኛት ፊቱን አዞረባት አሉ። እናቷ ጉዲቱ ወደ ማታ ብቅ ብላ «ጥሩም ትናገር፣ መጥፎም ትናገር፣ ብቻ በእግሯ ትመለስልኝ» አለችኝ። ትመለሳለች አልኳት። እኔ ምን አውቄ!

ሚያዝያ 29፣ ቅዳሜ

ካፒቴኑ አዲስ ትእዛዝ ላከ። ወረቀቱን ይዤ ከልጅቷ አጠገብ እንድቆም፣ ብትረሳ እንዳስታውሳት።

ወረቀቱን አጣጥፌ ከደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

ግንቦት 1፣ ሰኞ፣ ልደታ

አስኮ ነን፣ የጉዲቱ እህት ቤት። ይህችን ደብተር ከእስሩ ወዲህ ከጡቴ ሥር ስለማላወጣት አብራኝ ወጣች። ሌላው ሁሉ ቀርቷል። እንደሆነው ልጻፈው።

ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። ልደታን በየደጁ ሊያከብር ያሰበውን ሁሉ ካራቢኜሪዎቹ እየነዱ አመጡት። ሳንቃ ተረብርቦ መድረክ ተሠርቷል። ከከተማ የመጡት የጣልያን ሹማምንት ወንበር ላይ፣ ካፒቴኑ ነጭ ጓንት አድርጎ ዳር ላይ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ከዱሬቲ ኋላ። ማዶ ጉብታው ላይ ያለው ባህር ዛፍ ይታየኛል... ዓይኔ ከዚያ አልነቀል አለ።

ዱሬቲ ጀመረች። ወረቀት አላየችም።

«እኔ የገሜዳ ልጅ ነኝ።»

ሜዳው ጸጥ አለ። ስለ ሚስቶቹ ተናገረች፣ ስለ እርሻው፣ የአባቱን መልክ ረስቶ «አባዬ ጺም ነበረው?» ብሎ ስለሚጠይቅ ሕፃን። ሕፃኑ ወረቀቱ ላይ የለም። የራሷ ታናሽ ወንድም ነው። ሴቶች ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እኔም አለቀስኩ። እያለቀስኩ ግን ገባኝ... ወሰደቻቸው። በቃ፣ ሊገቡ ነው።

«አባቴ ሆይ፣ በዱር ያላችሁ ሁሉ...» አለችና ቆመች።

ከትልቅ ቃል በፊት ትንፋሽ ውሰጂ ብያታለሁ። ትንፋሽ መሰለኝ። ግን ትንፋሹ አለፈ። ሌላም አለፈ። ሕዝቡን ታያለች፣ ሕዝቡ ያያታል። ገረሱን ከፊት አየሁት፣ ከንፈሩን ነክሷል።

«ግቡ በያ!» አላት ነገሬ በሹክሹክታ።

«ረሳሁት» አለች።

ቀስ ብላ ነው ያለችው። ግን ሁሉም ሰማ።

ካፒቴኑ በጓንቱ ወደ እኔ ጠቆመ። ነገሬ ፊቱ ዐመድ መስሎ «አንቺ በይው። ጮክ ብለሽ» አለኝ።

ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ቃሉ ዓይኔ ሥር ነው። ማንበብ ብቻ እኮ ነው... የጻፍኩት እኔ አይደለሁም! ያ ሁሉ ሰው እኔን ያያል። ፊት ለፊቴ የወልደሰንበት ሚስት ከበደች ቆማለች። ገና ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም። እሷን እያየሁ እንዴት ብዬ ነው ማንም አይነካችሁም የምለው?

«እኔም ረሳሁት» አልኩ።

ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

ሞተን ነበር። እርግጠኛ ነበርኩ። ካፒቴኑ እጁን ወደ ወገቡ ሲሰድ አይቻለሁ። ያኔ ከበደች እልል አለች። ለልደታ ይሁን ለምን... ከዚያ አጠገቧ ያለችው፣ ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ። ሜዳው በእልልታ ተናጋ። ከከተማ የመጡት ሹማምንት አንድም ቃል ስላልገባቸው ንግግሩ አምሮ ያለቀ መሰላቸው። እየሳቁ አጨበጨቡ። ካፒቴኑ አያቸው፣ እኛን አየ፣ እጁን ከወገቡ አነሳና እሱም በዚያ ነጭ ጓንት አጨበጨበ። ነገሬን አንድ ነገር ጠየቀው። ነገሬ መለሰለት። ምን እንዳለው አልሰማሁም።

ሕዝቡ ሲተራመስ ጉዲቱ ሁለታችንንም በክንዳችን ያዘችን። «ኮታ! ኮታ!» ትላለች በኦሮምኛ፣ ኑ፣ ኑ። ትንሹን ልጇን አዝላለች። ወደ ቤት አልዞርንም። ሰው መሀል ለመሀል ወጣን፣ ከዚያ በጓሮ፣ ከዚያ በወንዙ።

መንገድ ላይ ዱሬቲን «እውነት ረስተሽው ነው?» አልኳት።

«ቃሏ አፌ ላይ ነበረች» አለች። «አባቴ ሲሰማት ታየኝ።»

ግንቦት 4፣ ሐሙስ

ገረሱ ፈልጎ አግኝቶን መጣ። ቤቴን አቃጥለውታል። የስፌት መኪናዬን ባላምባራስ ወስደዋል። ነገሬ ታስሯል... ያን ዕለት ለካፒቴኑ ምን ብሎት ይሆን? ባላውቅም ጸለይኩለት።

ገረሱ ዱሬቲን ሊያናግራት ፈልጎ ቃል አጣ። ያ ሁሉ ጩኸቱ የት ገባ? ውሃ ቀድቶላት ሄደ።

ከኮልፌ ወገን አንድም ሰው አልገባም።

ግንቦት 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጠዋት አቶ ገሜዳ መጡ።

ከስተዋል። ፀጉራቸው አድጓል። ዱሬቲ ከምድጃው ተነስታ ሄዳ ደረታቸው ላይ ተለጠፈች። ትንሹ ልጅ ከእናቱ ኋላ ተደብቆ አጮልቆ ያያቸዋል። ጉዲቱ የምትይዘውን አጥታ የበሩን መቃን ያዘች።

ከተቀመጡ በኋላ ዱሬቲን «ልደታ ዕለት እዚያው ነበርኩ» አሏት። «ባህር ዛፉ ውስጥ።»

ቀና ብላ አየቻቸው።

«ብቻዬን አይደለም። አሥራ አንድ ሆነን። አንቺ ትናገሪያለሽ የሚል ወሬ ደርሶን ነበር። ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ጥይት የለንም፣ ደክሞናል። ወንዝ ወርደን ልብሳችንን አጠብን፣ ጠመንጃችንን ወለወልን። ለማስረከብ። ካንቺ አፍ ግቡ የሚለውን ብቻ ነበር የምንጠብቀው። ብትዪው ኖሮ ዛፉን ለቀን እንወርድ ነበር።»

ዱሬቲ የአባቷን እጅ ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ትዳስስ ጀመር።

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። ጫካ ውስጥ ወጣቶች አሉ አሉኝ፣ እየሸሹ የመጡ ተማሪዎች። መንደር ለመንደር ዞረው ምሕረቱ ውሸት መሆኑን የሚናገሩ ያስፈልጋሉ። የሚያስተምራቸው የለም።

ነገ አብረናቸው ወደ መናገሻ ጫካ እንወጣለን። እሺ ያልኩት ሳስብበት እንኳ አይደለም። ቃሉ ቀድሞኝ ወጣ። አሁን ቁጭ ብዬ ደብተሯን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

አቶ ገሜዳ አይተውኝ ነው መሰል «ይፈራሉ?» አሉኝ።

«በጣም።»

«እኛም» አሉ።